ልጄን ለዓለም አቀፍ የፍሉት ውድድር ላስመዝግባት?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ ፍሉት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በትምህርት ቤቷ ባንድ አንደኛዋ ፍሉተኛ እሷ ናት። አስተማሪዋ አውሮፓ ውስጥ በሚደረግ ዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር ብትሳተፍ ጥሩ ነው አለችን። መጀመሪያ በቪዲዮ ያጣራሉ። የሞዛርት ኮንሰርቶ በጂ ሜጀር የመጀመሪያ ክፍል ከካዴንዛው ጋር፣ ከባክ ፓርቲታ አልማንድና ሳራባንድ የተባሉት ክፍሎች፣ ከዚያ አንድ የራሷ ምርጫ ይላል። አባቷ የወርቅ ፍሉት እንግዛላት ይላል። እኔን ገንዘቡ ያሳስበኛል። እሷ ደግሞ የአገሯን ዜማ መጫወት ትፈልጋለች። ግሪን ካርድ አለን፣ ፓስፖርታችን ግን የኢትዮጵያ ነው። ከየት እንጀምር?»

መልስ፦

ያስመዝግቧት። እኔ ስትጫወት አልሰማኋትም፤ በየሳምንቱ የምትሰማት አስተማሪዋ ትችላለች ካለች ግን ያ ይበቃል። የቤተሰቡ ገንዘብና ጉልበት የት ላይ እንደሚውል ነው አሁን መነጋገር ያለባችሁ። ወርቁ ይቅር። ገንዘቡ ለጎበዝ የፒያኖ አጃቢ፣ ጥሩ ድምፅ ላለው አዳራሽና ለፍሉቷ ጥገና ይዋል። እንዲህ ባለው ውድድር አብዛኛው ልጅ የሚወድቀው መድረክ ላይ አይደለም፤ ቪዲዮው ላይ ነው። ዳኞቹ የፍሉት መምህራንና የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ናቸው። አንዱን ቪዲዮ ከሌላው አስከትለው ይሰማሉ። የድምፁን ጥራት፣ ቅኝቱንና የምቱን ልክ ለመለየት ከመጀመሪያው ገጽ ብዙም ማለፍ አያስፈልጋቸውም። ፍጥነት የሚቆጠረው ከእነዚህ በኋላ ነው።

በቅድሚያ ግን ውድድሩን ራሱን ያጣሩ። ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ማለት ይቻላል «አንደኛ ሽልማት» የሚያድሉ የቪዲዮ ውድድሮች በዝተዋል። የዳኞቹ ስምና የሚሠሩበት ቦታ ተጽፏል? ያለፉት ዓመታት አሸናፊዎች እነማን ናቸው፣ ዛሬስ የት ደርሰዋል? በአካል የሚደረግ የመጨረሻ ዙር አለው? ጄኔቫ ውስጥ በ1957 የተመሠረተ የዓለም አቀፍ የሙዚቃ ውድድሮች ፌዴሬሽን አለ። የዚያ አባል ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። አባል አለመሆኑ ብቻ ግን አያስጠረጥረውም፤ ብዙ ጥሩ የልጆችና የወጣቶች ውድድር ከፌዴሬሽኑ ውጭ ነው።

ታላላቆቹን ውድድሮች ከዚህኛው ጋር እንዳታምታቷቸው። ጃፓን ውስጥ ኮቤ ከተማ ከ1985 ጀምሮ የሚካሄድ የፍሉት ውድድር አለ። ዴንማርክ ኦደንሴ የካርል ኒልሰን ውድድር አለ። ጄኔቫና ሙኒክ ላይ ደግሞ ፍሉት በተራው ይመጣል። ኤማኑኤል ፓሁ በ1989 ኮቤን፣ በ1992 ጄኔቫን አሸነፈ፤ ብዙም ሳይቆይ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ አንደኛ ፍሉተኛ ሆነ። እነዚህ በሙያው ለመኖር የቆረጡ፣ ኮንሰርቫቶሪ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የገቡ ወጣቶች የሚፋለሙባቸው ናቸው። ልጅዎ አሁን የምትፈልገው በዕድሜ ምድብ የተከፈለ ውድድር ነው። አጠገባችሁም አለ። በ1972 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የፍሉት ማኅበር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሶሎ ውድድር አለው። ማጣሪያው በቀረጻ ነው፤ የመጨረሻው ዙር በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ነው። ቪዛ አይጠይቅም። የአውሮፓው ባይሳካ እንኳ የለፋችበት ዝግጅት እዚያ ያገለግላታል።

ከዚያ ደንቡን ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡ። እርስዎም፣ አባቷም፣ እሷም። ዕድሜ የሚቆጠረው በየትኛው ቀን ነው? በመዝጊያው ቀን ነው ወይስ ውድድሩ በሚጀመርበት ቀን? 17 ሊሞላት ጥቂት ሳምንት ከቀራት ምድቧ ሊቀየር ይችላል። ድግግሞሾቹን ትጫወት ወይስ ትዝለል? ኮንሰርቶው ላይ የኦርኬስትራው መግቢያ ይቆረጣል? በቃል ነው ወይስ ኖታ ፊት ለፊቷ ይፈቀዳል? የሚከፈለው የመመዝገቢያ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ያልገባችሁን በኢሜይል ጠይቁ። አዘጋጆቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምደዋል፤ ማንም አይቀየማችሁም። ኖታው ላይም ጥንቃቄ ይደረግ። ፎቶኮፒ የማይቀበሉ ውድድሮች አሉ። ሞዛርቱንና ባኩን ቤረንራይተር ወይም ሄንለ ከተባሉት አሳታሚዎች ግዙላት። የአቀናባሪውን ጽሑፍ ተከትለው የታተሙ ናቸው። በነፃ የሚወርደው አሮጌ ኅትመት ላይ ሞዛርት ያልጻፈው የማያያዣ መስመርና የድምፅ ምልክት ሞልቷል፤ ዳኛው ይህን ወዲያው ይሰማዋል።

ወደ ሙዚቃው እንግባ። ሞዛርት ቀላል ይመስላል። የሚከብደውም ለዚሁ ነው። ኖታዎቹን የ16 ዓመት ልጅ ትጫወታቸዋለች፤ መደበቂያ ግን የለም። አንድ ስኬል ላይ አንዱ ኖታ ከጎረቤቱ ከወፈረ ይሰማል። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ፍጥነቱ ላይ ነው። ክፍሉ አሌግሮ ማኤስቶሶ ነው የተባለው፤ ግርማ ያለው ፈጣን ማለት ነው። ልጆች ፈጣኑን ይይዙና ግርማውን ይጥሉታል። አስተማሪዋ ከፈቀደች ቴምፖውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ እያንዳንዱን ረጅም ኖታ እስከ መጨረሻው በድምፅ ትሙላው።

ካዴንዛውን፣ ማለትም ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ፍሉቷ ብቻዋን የምትሰማበትን ቦታ በተመለከተ፣ ሞዛርት ለፍሉት ኮንሰርቶዎቹ የጻፈው ካዴንዛ በእጃችን የለም። ስለዚህ ታትሞ ከሚሸጠው ትመርጣለች ወይም ከአስተማሪዋ ጋር ትጽፋለች። እኔ አጭሩን እመርጣለሁ። የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የፍሉት መምህር የነበረው ኳንትስ በ1752 ባሳተመው መጽሐፉ የትንፋሽ መሣሪያ ካዴንዛ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ መሆን አለበት ይላል። ዛሬ ያን ያህል ጥብቅ አንሆንም። ግን ሦስት ገጽ የሚፈጅ፣ በማይመለከተው ዘመን ስልት የተጻፈ ካዴንዛ የሞዛርቱን ሚዛን ያፈርሰዋል።

ባኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆች ከሁሉ በላይ የሚለዩት እዚህ ነው። የኤ ማይነሩ ፓርቲታ አልማንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለት ይቻላል ያልተቋረጠ የአሥራ ስድስተኛ ኖታ (አንድ ምት ለአራት ሲከፈል የሚገኘው) ጅረት ነው። ባክ ለትንፋሽ የተወው ቦታ የለም። የለመድነው ባር (በኖታው ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው ክፍል) ሲያልቅ፣ መስመሩ ላይ መተንፈስ ነው። እዚህ ግን ይህ ሐረጉን ይቆርጠዋል። የመጀመሪያውን ባር አውጥታ ታየው። ክፍሉ የሚጀምረው በአንድ አሥራ ስድስተኛ ዝምታ ነው፤ ከዚያ ነው ኖታዎቹ የሚመጡት። ይህ ማለት የምቱ የመጀመሪያ ኖታ ያለፈው ሐሳብ መዝጊያ ነው፤ ተከትለውት የሚመጡት ሦስቱ ወደሚቀጥለው ምት የሚወስዱ ናቸው። እንግዲህ ትንፋሹ ከምቱ የመጀመሪያ ኖታ በኋላ ይወሰዳል፤ ከእሱ በፊት አይደለም። ያንን ኖታ በጣም በጥቂቱ ታሳጥረዋለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትቀጥላለች። ጊዜ ካጠራት ምቱን ትንሽ መለጠጥ ይቻላል። ኖታ መዋጥ ግን አይቻልም።

ይህን በእርሳስ ኖታው ላይ አሁኑኑ ምልክት ታድርግበት። ሁለት ዓይነት ምልክት፦ የግድ የምትተነፍስባቸውና አየር ካጠራት ብቻ የምትጠቀምባቸው። ቀረጻው ቀን ሰው ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ደግሞ አየር ቶሎ ያልቅበታል። ሁለተኛዎቹ ምልክቶች ያኔ ነው የሚያድኗት። አልማንዱ የሚያልቀው በጣም ከፍ ባለው ኤ ነው። ብዙዎች እዚያ ሲደርሱ ይጮኹበታል። ያለ ጩኸት፣ ግን ሳይሰነጠቅ እንዲወጣ ለዚያች አንዲት ኖታ ብቻ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ትስጣት። ሳራባንዱ ላይ ሁለተኛው ምት ክብደት እንዳለው ታስታውስ። ያለ ቪብራቶም (ድምፁን ሳታርገበግብ) አንድ ጊዜ ትጫወተው፤ ቅኝቷ ምን ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ራሷ ትሰማዋለች።

የራሷን ምርጫ በተመለከተ፣ ከሌሎቹ ሁለቱ የማይታየውን ጎኗን የሚያሳይ ይሁን። ሞዛርትና ባክ ካሉ ሦስተኛው ከ1890ዎቹ ወዲህ ይሁን ባይ ነኝ። የፎሬ ፋንታዚ ከ1898፣ የሻሚናድ ኮንሰርቲኖ ከ1902፣ የኤኔስኩ ካንታቢሌና ፕሬስቶ ከ1904፤ ሦስቱም ለፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ ፈተና የተጻፉ ናቸው። ሲጻፉም ዜማውንም ጣቱንም እንዲፈትኑ ታስበው ነው፤ ስለዚህ ለውድድር ይስማማሉ። ብቻዋን መጫወት ካማራት የደቡሲ ሲሪንክስ አለ፣ 1913። ጣት አይፈትንም፣ ቀለም ይፈትናል። የቫሬዝ ዴንሲቲ 21.5 ደፋር ምርጫ ነው፤ ድምፁ ዝግጁ ካልሆነ ግን ይጎዳል፣ ለከርሞ ይቆይ።

ያገሯን ዜማ መጫወት መፈለጓ ደስ ብሎኛል። ደንቡ «የታተመ ሥራ» ካለ ግን በጆሮ የተያዘ ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ አይቀበሉም። «የአገርህ አቀናባሪ ሥራ» የሚል ቦታ ያለው ውድድር ከሆነ ግን አንድ የኢትዮጵያ አቀናባሪ በኖታ የጻፈው ሥራ ይፈለግ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ስለ እረኛ ዋሽንተኛ የኦርኬስትራ ሥራ መጻፋቸውን ትወቅ፤ ፍሉትና እኛ አዲስ ትውውቅ የለንም። ውድድሩ ባይፈቅድም ከመሄዷ በፊት ዘመድ ወዳጅ ሰብስባ በምታቀርበው ኮንሰርት ላይ ትጫወተው። ደግሞም ዋሽንት ተጫዋቾችን ትስማ። ድምፁን ከኖታ ወደ ኖታ እንዴት እንደሚያንሸራትቱት፣ ትንፋሹ ራሱ እንዴት የዜማው አካል እንደሚሆን። ሲሪንክስን ስትጫወት ይጠቅማታል።

አጃቢው ላይ አትቆጥቡ። በነፃ የሚረዳ ጓደኛ ፒያኖ ቢያውቅም፣ ፍሉተኛ አጅቦ የማያውቅ ሰው ትንፋሿን አይጠብቅላትም። ቢያንስ ሁለት ልምምድ፣ ከዚያ ቀረጻው። ከካዴንዛው የምትወጣበት ትሪል (ሁለት ኖታ በፍጥነት ማፈራረቅ) ላይ አጃቢው መቼ እንደሚገባ በግልጽ ይስማሙ። አንገቷን ነቅነቅ ታደርግ ወይስ በትንፋሽ ትጠቁመው? ይህ ያልተነጋገሩበት ቦታ ብዙ ጥሩ ቀረጻ አበላሽቷል።

የቀረጻ ቦታ ሳሎን አይሁን። ምንጣፍና ሶፋ የፍሉትን ድምፅ ይውጡታል፤ ልጅቷም ድምፁ ስላልመለሰላት ታስገድደዋለች። የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ካለው ሰንበት ያልሆነ ቀን ጠይቁ፤ ከፍ ያለ ጣሪያና የተቃኘ ፒያኖ ካለው ከኪራይ ስቱዲዮ ሊበልጥ ይችላል። ፒያኖው ለቀረጻው ሳምንት ይቃኝ። ስልክ ለምስሉ ይበቃል፣ ለድምፁ ግን አይበቃም። ስልክ ድምፅ ሲጨምር ራሱ ዝቅ ያደርጋል፣ ሲቀንስ ራሱ ከፍ ያደርጋል። ልጅዎ ለወራት የለፋችበት የለስላሳና የጠንካራ ልዩነት አንድ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ የእጅ መቅረጫ ተዋሱ ወይም ግዙ፣ ራሱ የሚያስተካክለውን ነገር አጥፉት። ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከጭንቅላቷ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የምትነፋው አየር በቀጥታ እንዳይመታው። የላይኛውን ኖታ በሙሉ ኃይል አስነፍታችሁ መጠኑን አስተካክሉ። ካሜራው አንድ ቦታ ይቁም፤ ፊቷ፣ እጆቿና መሣሪያው ይታዩ። አብዛኛው ውድድር አንድ ሥራ ውስጥ መቁረጥና መቀጠል ይከለክላል። ሲያጣሩ ደግሞ ያውቁታል። ስም እንዳትጠሩ የሚያዙም አሉ፤ ዳኞቹ ማን እንደሆነች ሳያውቁ እንዲሰሙ ነው። ቀረጻው ከመዝጊያው ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይሁን። ጉንፋን አለ፣ ፈተና አለ፣ የማይሳካ ቀን አለ።

በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግማ እንዳትቀርጽ። ከንፈር ይደክማል። አራተኛው ከሁለተኛው የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አሁን ስለ ወርቁ። አባቷ ለልጁ ከልቡ አስቦ ነው፤ ይህን አይቼዋለሁ፣ ብዙ አባት እንዲህ ያስባል። በእጅ የተሠራ የወርቅ ፍሉት በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ጆን ኮልትማን የተባሉ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት የተሠሩ፣ ቅርጻቸው አንድ የሆነ ፍሉቶችን አስነፍተዋል። አድማጮቹ መለየት አልቻሉም፣ ተጫዋቾቹም እንዲሁ። ዋናው ልዩነት ያለው የሚነፋበት ቀዳዳ አቆራረጥና የሠሪው እጅ ላይ ነው። አሁን የያዘችው የብር ራስ ያለው፣ በደንብ የሚዘጋ ፍሉት ከሆነ ለዚህ ውድድር ይበቃታል። የጀማሪ ፍሉት ከሆነና አስተማሪዋ መሣሪያው ይገድባታል ካለች ያኔ መካከለኛ ደረጃ ያለው፣ ያገለገለ ፈልጉ። እሱንም ከውድድሩ ሳምንት በፊት ሳይሆን ከወራት በፊት። አዲስ የመንፊያ ራስ ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል።

ከዚያ በፊት ግን ያለውን ፍሉት ወደ ፍሉት ጠጋኝ ውሰዱት። ከውድድሩ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ይጸዳ፣ ይቀባ፣ ፓዶቹ (ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት) ይፈተሹ። አንድ ነገር ደግሞ አሁን ቤት ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የማጽጃ ዘንጓ ጫፍ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ። የፍሉቱን ራስ ለብቻ አውጥታ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ታስገባው። መስመሩ በሚነፋበት ቀዳዳ ልክ መሃል ላይ መታየት አለበት። ራሱ ውስጥ ካለው ቡሽ እስከ ቀዳዳው መሃል 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ቡሹ ተንሸራቷል። ያኔ ኦክታቮቹ (ከፍና ዝቅ ብለው የሚደገሙት ተመሳሳይ ኖታዎች) አይገጥሙም፣ ልጅቷም የመሣሪያውን ጥፋት የራሷ መስሏት ትለፋለች። ጫፉ ላይ ያለውን ክዳን እያሽከረከረች አታስተካክለው፤ ለጠጋኙ ትተወው።

የቅኝት ነገር የአውሮፓ ጉዞ ላይ ያስቸግራል። አሜሪካ ውስጥ ፒያኖው ኤ ኖታ በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ ነው የሚቃኘው። አውሮፓ ብዙ ጊዜ 442 ነው። ልዩነቱ ስምንት ሴንት (የግማሽ ድምፅ ስምንት መቶኛ) ያህል ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በዳኛ ጆሮ ትንሽ አይደለም። ከጉዞው ሁለት ወር ቀድማ ቱነሯን (ቅኝት መለኪያዋን) 442 ላይ አድርጋ ትለማመድ። ፍሉት ሲበርድ ዝቅ ይላል፤ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት በዝምታ ሞቅ ያለ አየር ትንፋበት። ለሁሉም ፍሉተኛ መሃል ያለው ሲ ሻርፕ ከፍ ይላል። ስታጠናክር ድምፁ ይወጣል፣ ስታለሰልስ ይወርዳል። ልምምዱ ይህ ነው፦ አንድ ኖታ ከለስላሳ ወደ ጠንካራ፣ ተመልሶ ወደ ለስላሳ፣ የቱነሩ መርፌ ሳይነቃነቅ። በየቀኑ።

ፍርሃትን በተመለከተ ብዙ ማለት አልፈልግም። ከውድድሩ በፊት ደጋግማ በሰው ፊት ትጫወት። ዘመድ ቤት፣ የአያቶች ማረፊያ፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ። ሙሉውን ፕሮግራም፣ ያለ ማቆም፣ በምትለብሰው ልብስና ጫማ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከቁርስ በኋላ ከተጫወተች ደግሞ ይበልጥ ጥሩ፤ ውድድር ላይ ተራው በምን ሰዓት እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ነው።

ቪዛው ላይ ግን አትዘናጉ። ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛን) አያስቀርም። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ እስከ 15 ቀን ሲቀር ነው። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል መጨረሻውን አትጠብቁ። ከ18 ዓመት በታች ስለሆነች የሁለታችሁም የወላጆቿ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከእሷ ጋር የማይሄደው ወላጅ ፊርማ በኖታሪ ቢረጋገጥ ይሻላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ። ፓስፖርቶቹ ከጉዞው መመለሻ ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆዩ ይሁኑ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማደስ ጊዜ ስለሚወስድ ይህን ዛሬ እዩት። ማጣሪያውን ያለፈች ዕለት አዘጋጆቹ የግብዣ ደብዳቤ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ስሟ ልክ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ አብሯት የሚሄደው ወላጅ ስምም ይግባበት። ፍሉቱ በሻንጣ አይላክ። በእጅ ይያዝ፣ ከላይ ባለው መደርደሪያ ሳይሆን ከፊቷ ባለው ወንበር ሥር።